33 ዓመት አንድ ወንበር ላይ፦ የማይክ ሚለር ክር፣ ላልተከታተላችሁ

የሜሪላንድ ስቴት ሴኔትን 33 ዓመት ስለመራው ስለ ማይክ ሚለር እዚህ መድረክ ላይ የተከፈተው የውይይት ክር ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ገና ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ እንደገና ይጠይቃል። መነሻውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ መልሶቹን በራሴ አነጋገር ላውራላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ያዛባሁት ካለ ከስር አርሙኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

መነሻው

የልጄ ክፍል አናፖሊስን ሊጎበኝ ሄደ፣ እኔም ከአጃቢ ወላጆች አንዱ ሆኜ ተከተልኩ። ሜሪላንድ 19 ዓመት ኖሬ ዋና ከተማዋን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። አትፍረዱብኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚወጣ ሰው መንገዱ ወይ ወደ ዲሲ ነው ወይ ወደ ኤርፖርት። ምክር ቤቱ አጠገብ ሴናተሮቹ ቢሯቸው ያለበት ህንጻ አለ፣ በሚለር ስም ነው የሚጠራው። ስሙ ሲሰጠው ሰውየው በሕይወት ነበር፣ ሴኔቱንም የሚመራው እሱ ነበር። ልጄ ይሄን ስትሰማ ሳቀች። በራሱ ስም ወደተሰየመ ቢሮ ጠዋት ጠዋት ሲገባ ምን ይሰማው ነበር ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ቶማስ ማይክ ሚለር በ1942 ተወለደ። ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ ውስጥ ክሊንተን በምትባል ቦታ አደገ፣ ከ10 ልጆች የመጀመሪያው ነው። ቤተሰቡ ሊከር ስቶር (መጠጥ መሸጫ) ነበረው (ይሄ ለስንቶቻችን ቅርብ ታሪክ ነው!)። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። በ1971 ታችኛው ምክር ቤት ገባ፣ በ1975 ሴናተር ሆነ፣ በ1987 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት። ከዚያ እስከ ጥር 2020 የሰብሳቢነት መዶሻውን አልለቀቀም። አምስት የስቴቱ ገዥዎች ተፈራረቁ፣ እሱ እዚያው ነው። በአሜሪካ ታሪክ የስቴት ሴኔትን እንደሱ ረጅም ጊዜ በፕሬዚዳንትነት የመራ የለም ይባላል።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። እኛ ወንበር ላይ ሙጭጭ ያለ ሰው ሲያስመርረን የኖርን ሰዎች ነን። ታዲያ ይሄ በምን ይለያል? የኔ ሐሳብ ብዙም አይለይም የሚል ነበር።

መልሶቹ

1ኛው መልስ አመስግኖኝ ሲያበቃ ሰውየው ከሚለር ቢራ ጋር ዝምድና እንዳለው ጠየቀ። የለውም።

2ኛው ከጀርመንታውን ነው፣ በጣም ጨዋ ሰው። ንጽጽሬ ልክ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳኝ። ሚለር በየአራት ዓመቱ ዲስትሪክቱ (የምርጫ ወረዳው) ውስጥ ለድምፅ ይቀርብ ነበር። ፕሬዚዳንት የሚያደርጉት ደግሞ ራሳቸው ሴናተሮቹ ናቸው። 47 ናቸው፣ ስለዚህ 24ቱ አንድ ቀን በቃህ ቢሉት መውረዱ ነው። ደግሞ ሥራው የሙሉ ዓመት አይደለም። ምክር ቤቱ በጥር ይከፈትና በ90 ቀን ይዘጋል፣ አባላቱ የሌላ ሥራ ሰዎች ናቸው፣ ሚለርም ጥብቅናውን አልተወም። ይሄንን ከአራት ኪሎ ቤተ መንግሥት ጋር ማወዳደር ይከብዳል አለ።

ግማሹን ተቀበልኩት። ቀሪውን ግን 3ኛው አፈረሰው። ይሄ ሰው ትሕትና ብሎ ነገር አያውቅም። 2ኛውን የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የዋጠ ተማሪ አድርጎ ሲያበቃ የምርጫ ካርታውን፣ ማለትም የምርጫ ወረዳዎቹን ድንበር ነገር አመጣ። መስመሩን የሚያሰምረው ተመራጩ ራሱ ከሆነ መራጩን የሚመርጠው ተመራጩ ነው የሚል ነው ነገሩ። በ2002 የስቴቱን የምክር ቤት ካርታ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሽሮታል። በ2011 ደግሞ ለኮንግረስ ካርታውን ያዘጋጀው የገዥው ኮሚቴ ውስጥ ሚለር ነበረበት። በዚያ ካርታ ሮስኮ ባርትሌት የተባሉ ሪፐብሊካን ከ20 ዓመት በኋላ በ2012 ወንበራቸውን አጡ። ክሱ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በ2019 ዳኞቹ 5 ለ 4 ይሄ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም ብለው መለሱት። 3ኛው የጻፈውን ሁሉ አጣራሁት፣ እውነት ነው። ስድቡ ግን አያስፈልግም ነበር።

4ኛው አንድ አባት ናቸው፣ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ። ስለ ሚለር አንዲት ቃል አልጻፉም። ከዓመታት በፊት በአንድ የታክሲ ሕግ ላይ ምስክርነት ለመስጠት አናፖሊስ ሄደው ነበር። በጠዋት ደርሰው ስማቸውን አስመዘገቡ፣ ከሰዓት በኋላ ተጠሩ፣ ሁለት ደቂቃ ተሰጣቸው። ያዘጋጁት ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሰዓቱ አለቀ። ከሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠው ባለ ከረቫት ግን ወረቀት እንኳ አልያዘም። የኮሚቴው አባላት በስሙ ጠርተው ሰላም አሉት፣ ጨዋታ ጨዋታ እያለ ጨረሰ። ተከፍሎት ምክር ቤቱን የሚያግባባ ጉዳይ አስፈጻሚ (ሎቢስት) እንደሆነ የገባቸው ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ነው። እኔ በበኩሌ ከክሩ ሁሉ ይሄን የመሰለ አላነበብኩም፣ የመጣው ግን ሦስት ላይክ ነው።

5ኛውን የጻፈችው የሕግ ተማሪ ነኝ የምትል ልጅ ናት። እሷ የሰውየውን ጉልበት የት እንደምናገኘው አሳየችን። በ2012 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ ሴኔቱን 25 ለ 22 አለፈ። ሚለር ተቃውሞ ነው ድምፅ የሰጠው። በ2013 የሞት ቅጣት ሲሻር 27 ለ 20 ነበር፣ እዚያም ተቃወመ። ፕሬዚዳንት ስለሆነ ሁለቱንም ገና ለድምፅ ሳይቀርቡ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀራቸው ይችል ነበር። አላስቀራቸውም። ድምፁ አለ ብሎ ካመነ ይቀርባል፣ እሱም ቆሞ ይሸነፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሥልጣኑ የሚታየው ባገደው ነገር ሳይሆን ባሳለፈው ነው የሚል ነበር ሐሳቧ። መነሻዬን እንድጠራጠር ያደረገኝ ይሄ ነው። የኛዎቹ ባለ ወንበሮች በገዛ አዳራሻቸው ሲሸነፉ አይቼ አላውቅም።

ከ6 እስከ 8 ያለውን ዝለሉት። አንዱ ካልፈለገው ለምን አሳለፈው ብሎ ጀመረና ወደ ሃይማኖት ገባ፣ ሌላው መለሰለት፣ ሁለት መልስ በአስተዳዳሪው ተነሳ።

9ኛዋ እህታችን ጨዋታውን ወደ ካሲኖ መለሰችው፣ ከዚህ በኋላ ክሩ ነፍስ ዘራ። እዚህ ሰፈር ካሲኖ የሠራ ወይም ካሲኖ የበላው ዘመድ የሌለው ማን አለ? ታሪኩ ይሄ ነው። ከ2003 ጀምሮ ገዥው ሪፐብሊካኑ ኧርሊክ ስሎት ማሽን (የቁማር ማሽን) ይግባ ይላሉ። ሚለር ዴሞክራት ሆኖ ሳለ ደገፋቸው። የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማይክል ቡሽ፣ እሳቸውም ዴሞክራት፣ አይሆንም ብለው በሩን ዘጉ። ኧርሊክ ሳይሳካላቸው ሄዱ። በ2007 መጨረሻ ምክር ቤቱ በልዩ ስብሰባ ጉዳዩን ወደ ሕዝብ መራው፣ በ2008 ሕዝቡ አጸደቀው። በ2012 ደግሞ የጠረጴዛ ጨዋታና ለፒጂ ካውንቲ አንድ ካሲኖ በድጋሚ ለሕዝብ ቀርቦ አለፈ። በ2016 ማብቂያ እዚያው ፒጂ፣ ናሽናል ሃርበር ላይ፣ ኤምጂኤም የተባለው ካሲኖ ተከፈተ። የሚለር አገር ካውንቲ መሆኑን ልብ በሉ።

እህታችን ራሷ የካርድ አከፋፋይ ሆና ትሠራለች፣ የትኛው ቤት እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ኢንሹራንስ ያገኘችው እዚያ ነው፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ነው፣ ስለዚህ ሚለርን ነፍሱን ይማር ትላለች። 10ኛው ወዲያው በሌላ ወገን መጣ። ወንድሙ ለቤት ቅድመ ክፍያ ያጠራቀመውን በአንድ ክረምት አስረክቦ ወጣ። እሱ ደግሞ ሚለርን አልማረም። ሁለቱ አልተሰዳደቡም፣ ይሄ ደስ አለኝ። እንዲያውም እሷ ለሱ ወንድም የሚሆን ነገር ጠቁማዋለች፣ በገዛ ፈቃድ ካሲኖ እንዳያስገቡኝ ብሎ መመዝገብ ይቻላል፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር አለ።

12ኛው የሒሳብ ሰው ነው። ካሲኖው የተሸጠልን በትምህርት ቤት ስም ነው ብሎ ተነሳ። እውነት ነው፣ ብሩ የትምህርት ፈንድ ውስጥ ገባ። ነገር ግን በአንድ እጅ ሲገባ በሌላው ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይወጣ የነበረው ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ስለዚህ ልጆቹ የጠበቁት ጭማሪ አልመጣም። በ2018 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ይሄ ገንዘብ ተጨማሪ እንዲሆን አሰረው፣ በሰፊ ልዩነት። አሥር ዓመት የፈጀ እርማት ነው አለ። ሚለር የቀረውን ዕድሜውን የትምህርት በጀት በማሳደግ ላይ እንደዋለ 13ኛው አስታወሰው። አይካድም። በ2020 ምክር ቤቱ ትልቁን የትምህርት ሕግ አሳለፈ፣ ገዥው ሆጋን ውድቅ አደረጉት፣ በ2021 ምክር ቤቱ ውድቅ ማድረጋቸውን ሻረው። ሚለር ያንን ለማየት ጥቂት ሳምንታት አነሱት።

14ኛው እኔን ለማረም ብቻ የገባ ነው። ገዥዎቹ አምስት አይደሉም ስድስት ናቸው፣ ምክንያቱም ሚለር መዶሻውን ሲይዝ ሃሪ ሂዩዝ ለጥቂት ቀናት ገና ቢሯቸው ነበሩ። እሺ ጌታዬ።

15ኛው ከቺካጎ ነው፣ ምርር ያለ። እናንተ ደግ ሰው ደርሷችሁ ነው የምትፈላሰፉት አለን። የነሱ ማይክ ማዲገን በ1971 የኢሊኖይ ምክር ቤት ገቡ፣ ከ1983 እስከ 2021 ሁለት ዓመት ብቻ ተቋርጦ አፈ ጉባኤ ሆነው ኖሩ። የሕግ ረቂቅ የሚሞተውም የሚድነውም በሳቸው ነበር። መጨረሻው ግን ፍርድ ቤት ሆነ፤ በ2025 በጉቦና በመሳሰለው በ10 ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ፣ 7 ዓመት ተኩል እስርና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተፈረደባቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የሐበሻ ብቻ መስሎን ኖርን አለና ወጣ፣ አልተመለሰም።

16ኛው ዊስኮንሲን የተማረ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ሪከርዱን ለየልን። ሚለር የሚበልጠው በፕሬዚዳንትነት ዓመት ነው። በጠቅላላ የምክር ቤት አገልግሎት ከሆነ ከዊስኮንሲኑ ፍሬድ ሪሰር የሚደርስ የለም። ሪሰር በ1957 ገብተው በ2021 መጀመሪያ ወጡ፣ 64 ዓመት! ሲወጡ 93 ዓመታቸው ነበር። አባታቸውም አያታቸውም የዚያው ምክር ቤት ሰዎች ነበሩ። በ2011 የሠራተኛ ማኅበራትን መብት የሚያጠብ ሕግ ሲመጣ 14 ዴሞክራት ሴናተሮች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ስቴቱን ጥለው ኢሊኖይ ገቡ፣ የ83 ዓመቱ ሪሰርም አብረው ወጡ። በ83 ዓመት ስደት! (እኛ በ20ዎቹ ወጥተን ስንቴ አለቀስን።)

18ኛው መፍትሔ ይዞ መጣ፣ የአገልግሎት ገደብ። ካሊፎርኒያ በ1990፣ ሚሺጋን በ1992 በሕዝብ ድምፅ ገደብ አበጅተዋል፣ ሜሪላንድ ለገዥው እንጂ ለምክር ቤት አባላት የላትም። 19ኛዋ፣ ያችው የሕግ ተማሪ፣ ታሪኩ እዚያ አላበቃም ብላ መለሰች። ሁለቱም ስቴቶች ኋላ ላይ ገደቡን አላልተውታል፣ ካሊፎርኒያ በ2012፣ ሚሺጋን በ2022፣ አባላቱ አንድ ምክር ቤት ውስጥ 12 ዓመት መቆየት እንዲችሉ። ተመራጩ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ሥራውን የሚያውቀው ማን ይቀራል? የአባታችን የ4ኛው ባለ ከረቫት ነዋ። እሱን የሚገድብ ሕግ የለም። እውነት ለመናገር በዚህ ክር የረታኝ ሰው ካለ እሷ ናት።

20ኛው አገር ቤትን አነሳ። እኛም የምክር ቤት ዕድሜ ያላቸው ሰው ነበሩን ብሎ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስን ጠቀሰ። በንጉሡ ዘመን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ሰብሳቢ የነበሩ ሰው፣ ደርግ አልፎ፣ በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በግል ተወዳድረው እንደገና ፓርላማ ገቡ። በ1994 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደስ የሚል መልስ ነበር። ችግሩ ደርግና ኢሕአዴግ የሚሉ ቃላት ከተጻፉ በኋላ እዚህ ቤት ሰላም የለም። ከ21 እስከ 26 ያለው ስለ ሚለር አይደለም። ስለማንም አይደለም። ክሩ ለአንድ ቀን ተዘግቶ ነበር።

ክሩ ሲከፈት 27ኛ ሆኖ የገባው እዚሁ ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ የሚኖር ሰው ነው። ዜጋ ስላልሆንኩ ይሄ ሁሉ አይመለከተኝም አለ። 28ኛው አይ ይመለከትሃል አለው። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ሰው አላወቀም፣ እኔም አላወቅኩም። 29ኛው ግን በትልቁ አስጠነቀቀ፣ እኔም እደግመዋለሁ። የከተማው ምርጫ ብቻ ነው! ለስቴት ወይም ለፌዴራል ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ ከሰጠ ወንጀል ነው፣ የዜግነት ማመልከቻውንም ገደል ይከታል። ፎርም ላይ ዝም ብላችሁ ምልክት አታድርጉ።

31ኛው ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፣ ሁላችንንም ያሳፈረ። እዚህ የጻፋችሁት የራሳችሁን ስቴት ሴናተር ስም ንገሩኝ አለ። ከ32 እስከ 36 ያሉት መልሶች አንድም ስም የላቸውም። ሳቅ ነው፣ ሰበብ ነው። የሕግ ተማሪዋ ብቻ ታውቃለች። 3ኛው፣ ያ ሁሉን የሚያውቀው ሰው፣ የኮንግረስ ተወካዩን ስም ጻፈ። እኔም በዚፕ ኮድ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣ ስሟን ሁለት ቀን በኋላ ረሳሁት፣ አሁን ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የመጨረሻዎቹ ስለ አወጣጡ ናቸው። ሚለር በ2019 መጀመሪያ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ለሴኔቱ ተናገረ። ያን ዓመት እየታከመ መራ። በጥር 2020 መዶሻውን ለቢል ፈርጉሰን አስረከበ፣ ተራ ሴናተር ሆኖ ቀረ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2020 የሴኔት ወንበሩንም ለቀቀ። ጥር 15 ቀን 2021 ቼሳፒክ ቢች ቤቱ ውስጥ በ78 ዓመቱ አረፈ።

38ኛው ቀኑን አየው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1783 ጆርጅ ዋሽንግተን የጦር አዛዥነቱን በገዛ ፈቃዱ የመለሰው እዚያው አናፖሊስ፣ እዚያው ምክር ቤት ህንጻ፣ በድሮው የሴኔት አዳራሽ ነው። እኛም ከልጆቹ ጋር ገብተን ሐውልቱን አይተነዋል። ታሪክ አንባቢው ሚለር ቀኑን አያውቅም ማለት ይከብዳል፣ መርጦ ነው አለ።

39ኛው፣ ያው ትሕትና የማያውቀው 3ኛው ሰው፣ አልተዋጠለትም። ዋሽንግተን የ51 ዓመት ጤነኛ ሆኖ ነው የሄደው። ሚለር ግን በሽታው ነው ያስለቀቀው። ቀን መምረጥና ጊዜ መምረጥ ይለያያል አለ።

40ኛው አባታችን ናቸው፣ የታክሲው። ሁለቱንም አልነኩም። ያንን ሦስት ገጽ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል፣ የሚቀጥለው ጥር ምክር ቤቱ ሲከፈት ልሄድ አስባለሁ፣ የሚያደርሰኝ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መኪና ማቆሚያው ውድ ነው፣ እኔ አደርስዎታለሁ ብያለሁ። ሁለት ቦታ ይተርፋል።